የብቅል ሽታ

ዛሬ ከሰዓት ሜክሲኮ አካባቢ፣ በጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በኩል ሳልፍ የብቅል ሽታ አስቆመኝ። የአክስቴ ጓዳ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ፋብሪካው ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የእሷ ጋን ወግ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። «እታለም፣ ጠላ ከምን ይጀመራል?»

«ከጋኑ ነዋ! በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጠላ እንዳትዪው።»

ከዚያ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። እንኩሮው ይጨመራል። ድፍድፉ ይሰነብትና በመጨረሻ ውሃ ይሞላበታል። ስንት ቀን ትዕግሥት! ጌሾ ለጠላም ለጠጅም ምሬቱን ይሰጣል፤ በቢራ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሆፕ የሚባለው ተክል ነው።

ቻይና ውስጥ ጂያሁ በተባለ ቦታ 9,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ሲመረመሩ ከሩዝ፣ ከማርና ከፍራፍሬ የተጠመቀ መጠጥ ምልክት ታየባቸው። ማር! በብርሌ የምንቀዳው ጠጅ የሩቅ ዘመድ አለው ማለት ነው። ይሄ ነገር ልቤን ነካው።

አክስቴ ለበዓል ልትጠነስስ ነው። እሁድ እሄዳለሁ። ዘንድሮ እንኩሮውን የማምሰው እኔ ነኝ።