ቅዳሜ ከሰዓት የጠፋው ድምፅ

የሳምንቱ ስድስተኛ ትርዒት ነበር። በአንድ የአሜሪካ የሙዚቃ ቲያትር ቤት የቅዳሜ ከሰዓቱ ዝግጅት አልቆ የማታው ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ዋናዋ ተዋናይት መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዲት ከፍ ያለች ኖታ በለሆሳስ ለማውጣት ሞከረች። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ደገመችው፣ ያው ሆነ። ጮክ ብላ ስትዘፍን ግን ድምፅ አለ። የድምፅ አስተማሪዎች ይህን ምልክት ያውቁታል። የድምፅ አውታሮች ጠርዝ ሲያብጥ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑና ለስላሳው ድምፅ ነው፤ ያበጠው ጠርዝ በትንሽ አየር አይንቀሳቀስም። ጮክ ሲባል ብዙ አየር በጉልበት ስለሚያንቀሳቅሰው ጉዳቱ ይሸፈናል፤ ብዙ ዘፋኞች «ደህና ነኝ» ብለው መድረክ የሚወጡትም በዚህ ተታለው ነው። እሷ አልወጣችም። የማታውን ተጠባባቂዋ ተጫወተችው።

ዘፋኟ ጀማሪ አልነበረችም። በክላሲካል ድምፅ ሁለት ዲግሪ አላት፤ ያለ ማይክ ከኦርኬስትራ ጋር ስትዘፍን ኖራለች። የተቀጠረችውም ለዚሁ ነው። አዘጋጁም፣ የሙዚቃ መሪውም፣ ራሷም ያመኑት ነገር አንድ ነበር፤ ክላሲካል መሠረት ነው፣ እሱን የቻለ ሌላውን አያቅተውም። ወላጆችም ለልጆቻቸው ትምህርት ሲመርጡ የሚሰሙት ምክር ይኸው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ትንፋሽ አያያዝን፣ ጆሮን፣ ኖታ ማንበብን፣ ትዕግሥትን ይሰጣል። ያልተሰጣት ግማሽ ግን ጉሮሮዋን አሳበጠው።

ነገሩ የተጀመረው ከቴክኒክ ልምምዱ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት የሥራው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ አሥሩ ሥራ፣ ሁለቱ እረፍት። መብራትና ድምፅ እስኪስተካከል አንድ ዘፈን አምስትና ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ልምድ ያላቸው ተዋንያን በዚህ ጊዜ በግማሽ ድምፅ ያልፋሉ፤ ሙሉውን የሚያወጡት የድምፅ ባለሙያው፣ ማለትም የማይኮቹን መሣሪያ የሚቆጣጠረው ሰው፣ ሲጠይቃቸው ብቻ ነው። እሷ ሁሉንም በሙሉ ድምፅ ዘፈነች።

በሙዚቃ ቲያትር ማይኩ የሩዝ ፍሬ የምታህል ናት፤ ፀጉር ሥር ግንባር ላይ ትለጠፋለች፣ አስተላላፊው ወገብ ላይ ይታሰራል። የድምፅ ባለሙያው ጽሑፉን ይዞ፣ ማን መቼ እንደሚናገር እየተከታተለ፣ የእያንዳንዱን ማይክ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዲሲቤል ገደማ ነው፤ የሠለጠነች ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትዘፍን፣ ከፍተኛ ኖታዋ ግን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። የእሷ ከፍተኛ ኖታዎች የማይኩን ድምፅ ሲያሰነጥቁት ባለሙያው መግቢያውን፣ ማለትም ማይኩ የሚቀበለውን የድምፅ መጠን፣ ቀነሰው። ሲቀንሰው ዝቅ ያሉት መስመሮች ሰመጡ። አዘጋጁ ከአዳራሹ መሀል «አይሰማም፣ ጨምሪ» አለ። እሷም ጨመረች። እዚህ ላይ ማንም ጥፋት የሠራ አይመስልም፤ ሁሉም የየራሱን ሥራ ሠርቷል። ለዚህ ነው ይህ ዓይነቱ ጉዳት ሳይታወቅ የሚደርሰው።

ቀጥሎ አዘጋጁ ቃሉ እንዲሰማ ፈለገ። ኦፔራ ያለ ማይክ አዳራሽ መሙላት አለበት፤ ኒውዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ወደ 3,800 ሰው ይይዛል። ስለዚህ ክላሲካል ሶፕራኖ ወደ ላይ ስትወጣ ማንቁርቷን አረጋግታ፣ አፏን እየከፈተች፣ አናባቢውን ከኖታው ጋር ታስማማለች። ድምፁ ይበረታል፣ ቃሉ ይደበዝዛል። በሙዚቃ ቲያትር ቃሉ ከደበዘዘ ታሪኩ ጠፋ። «እንደምትናገሪ አድርገሽ ዝፈኚው» ተባለች። የዘፈኑ ጣራ ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭና አንድ ቶን ከፍ ብሎ ያለው ሬ ነው፣ 587 ሂርትዝ። ለሶፕራኖ ይህ በጭንቅላት ድምፅ፣ በቀጭኑ የላይ ድምፅ፣ ቀላል ኖታ ነው፤ ጨዋታው ግን ቤልት ይፈልጋል፤ ማለትም የደረት ድምፅ የሚበዛበትን፣ ለንግግርና ለጥሪ የቀረበውን ድምፅ።

ትልቁ ስህተት እዚህ ነበር። የደረት ድምፁን የወሰደችው በክላሲካል አቋም ነው፤ ማንቁርት ዝቅ፣ አናባቢ ክብ፣ ከታች የሞላ ትንፋሽ። ቤልት ከዚህ ይለያል። ማንቁርቱ ትንሽ ከፍ እንዲል ይፈቀድለታል፣ አናባቢው ጠበብና ብሩህ ይሆናል፣ ወደ «ኤ» ያዘነብላል፤ አውታሮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ተገጥመው ስለሚቆዩ የሚፈልገው አየር ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ብዙ አየር ስቦ በተዘጋ አውታር ላይ መግፋት በር ዘግቶ በትከሻ እንደ መምታት ነው። እሷ በየትርዒቱ ይህን ሬ ደጋግማ መታችው። ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ አንድ፣ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ አንድ፤ በሳምንት ስምንት። በኦፔራ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚዘፍን ሰው በሁለት ትርዒቶች መካከል ሁለትና ሦስት ቀን ያርፋል። የለመደችው የእረፍት ሥርዓት ያ ነው።

የጉሮሮ ሐኪሙ በሚብለጨለጭ ብርሃን አውታሮቹን ሲያይ እብጠት እንጂ ኖዱል፣ ማለትም አውታሩ ላይ የሚወጣ ጠንካራ እባጭ፣ አልነበረም። ቀድማ በመቆሟ የተረፈች ይመስለኛል። ለስድስት ቀን ዝም አለች። ማንሾካሾክም ተከልክላለች፤ ብዙዎች እንደ እረፍት የሚቆጥሩት ማንሾካሾክ አውታሩን ሊያስጨንቅ ይችላል።

ስትመለስ የተሰጣት ሥራ ከባድ አልነበረም፣ ግን አዲስ ነበር። መጀመሪያ ስትሮ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥልቆ አረፋ እያወጡ ማዜም፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ መጥራት። ዘፈን አይደለም፣ ጥሪ፤ እናት ከአጥር ማዶ ያለ ልጇን «ና!» ስትል የምታወጣው ድምፅ። አገር ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ያለ ትምህርት የተገኘ ቤልት ነው። ጥሪውን በ440 ሂርትዝ ላ አካባቢ አራት አምስት ጊዜ፣ ከዚያ በግማሽ ቶን፣ በትንሿ የኖታ እርከን፣ ወደ ላይ እየጨመሩ እስከ ዶ፤ ሬውን በመጀመሪያው ሳምንት አለመንካት። ቪብራቶ፣ ማለትም የድምፅ ንዝረት፣ የለም፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጨረሻ ላይ ብቻ ይለቀቃል። ይህ ሁሉ በቀን ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ከዚያ በጭንቅላት ድምፅ ከላይ ወደ ታች በለስላሳው መውረድ። የድምፅ ባለሙያውም መግቢያውን እንደገና አስተካከለላት። በእኔ ግምት ከልምምዱ ያላነሰ የረዳት ይህ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ከመዘምራን መካከል ድምፃቸው ወጥቶ ኮሌጅ ለመግባት የሚዘጋጁ የሐበሻ ልጆች ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው በር ነው የሚመጡት። ከልጅነታቸው በማይክ፣ በደረት ድምፅ፣ በቅኝት ጌጥ ዘምረዋል። የጉሮሯቸው ቅልጥፍና ሀብት ነው፤ በክላሲካል ፈተና ግን ያ ጌጥ ኖታ አለመያዝ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ለክላሲካል ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ሥራ በቃል ይጠየቃል፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ ጣሊያንኛ፣ አንዱ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ። ለሙዚቃ ቲያትር ደግሞ ሁለት የማይመሳሰሉ አጫጭር የዘፈን ቁራጮች፣ የአንድ ደቂቃ ገደማ ንግግርና የዳንስ ፈተና። ዳንስ የሚጠላ ልጅ በሁለተኛው ትምህርት አራት ዓመት መቆየት ይከብደዋል፤ ቋንቋ የሚሰለቸውም በመጀመሪያው።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይት ኦድራ ማክዶናልድ በ1993 ኒውዮርክ ካለው የጁሊያርድ ትምህርት ቤት በክላሲካል ድምፅ ተመርቃ በሙዚቃ ቲያትርና በቲያትር ስድስት ጊዜ ቶኒን፣ የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት፣ ወስዳለች ብሎ የሚከራከር አለ። እውነት ነው። ሌላዋ የብሮድዌይ ኮከብ ክሪስቲን ቼኖዌትም ኦፔራ ተምራለች። ነገር ግን በሙዚቃ ቲያትር ውስጥ ለሶፕራኖ ድምፅ የተጻፉ ሚናዎችም አሉ፤ የሁለቱን ድምፅ ልክ የሚያሳዩትም እነሱ ናቸው። ቤልት የሚጠይቀው ሌላው ግማሽ ለብቻው መሠልጠን አለበት።

ያልወሰነ ተማሪ አንድ ዘፈን ይምረጥ። አንድ ቀን በጭንቅላት ድምፅ፣ ክብ አድርጎ፤ ከሁለት ቀን እረፍት በኋላ በጥሪ ድምፅ፣ ቃሉን አስቀድሞ። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን ሁለት ሜትር አርቆ ይቅዳ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። በየማግስቱ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ዘፋኟ መልበሻ ክፍል ውስጥ የሞከረችውን ለስላሳ ከፍተኛ ኖታ ይሞክራት። ወዲያው ከወጣች ያ ቀን የተሠራበት መንገድ ለጉሮሮው ቅርብ ነው። ትንፋሽ ከቀደማት ቅጂውን ይዞ አስተማሪ ዘንድ ይሂድ።