ሜሞሪውን ማን ይያዝ?

ደብረ ማርቆስ፣ ማታ። መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ ግን ገና ባትሪ አለው።

ሰሞኑን የያዝኩት በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የምጽፈው ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ኮድ) ነው። የዓረብ ቁጥርን ወደ ግዕዝ ይቀይራል፤ 2017 ሲሰጡት ፳፻፲፯ ይላል። ስሌቱ ቶሎ አለቀ። ያከራከረን መልሱ የሚጻፍበት ሜሞሪ ነው።

ቀላሉ መንገድ ፋንክሽኑ ራሱ በማሎክ (በሲ ሜሞሪ መያዣው ፋንክሽን) ቦታ ይዞ ፖይንተሩን፣ ማለትም የቦታውን አድራሻ፣ መመለሱ ነበር። ለሚጠራው ሰው ይመቻል። ግን ቦታውን በኋላ በፍሪ፣ በመልቀቂያው ፋንክሽን፣ መልቀቅ እንዳለበት በምን ያውቃል? ሰነድ የሚያነብ ስንቱ ነው! ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ላይብረሪውና ፕሮግራሙ የየራሳቸው የሲ ራንታይም (ማሎክና ፍሪን የያዘው መሠረታዊ ኮድ) ካላቸው፣ አንዱ የያዘውን ሌላው ሲለቅ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። ዳንግላ ያለው ጓደኛዬማ ጭራሽ “ኧረ እኔ ጋ ማሎክ የሚባል ነገር የለም” አለኝ። የሚሠራው የቀን ማሳያ ሰሌዳ ነው፤ የቺፑ ራም በኪሎባይት የሚቆጠር።

እንግዲያው እንደ ወፍጮ ቤት ይሁን፣ ከረጢቱን ባለ እህሉ ይዞ ይምጣ። ጠሪው በፈሩን (መልሱ የሚጻፍበትን ቦታ) እና መጠኑን ይሰጠኛል፣ እኔ እጽፍበታለሁ።

ችግሩ መጠኑ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት በሚጻፍበት ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ቁጥር 3 ባይት ይወስዳል። 2017ን አይቶ አራት ፊደል ነው ያለ ሰው 5 ባይት ይሰጠኛል፤ የሚያስፈልገው ግን የጽሑፉን መጨረሻ ከሚያሳየው መዝጊያ ዜሮ ባይት ጋር 13 ነው። ለዚህ በሲ ጽሑፍን በፈር ላይ የሚጽፈውን የኤስኤንፕሪንትኤፍን ዘዴ ወሰድኩ። ይህ ፋንክሽን ከሲ99 (የ1999ኙ የሲ ደረጃ) ጀምሮ በፈሩ ቢጠብም፣ ባይኖርም፣ ሙሉው ጽሑፍ ስንት ባይት እንደሚሆን ይመልሳል፤ መዝጊያውን ሳይቆጥር። ጠሪው መጀመሪያ መጠኑን ይጠይቃል፣ ቦታ ይይዛል፣ ደግሞ ይጠራል። ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ግን ለአንዲት ቁጥር ምን አላት!

ባሕር ዳር ያለችው ባልደረባዬ “ለምን የራሳችንን አሎኬተር አትቀበለንም?” ብላ ሞገተችኝ፤ ሜሞሪ የሚይዝና የሚለቅ ፋንክሽን ማለቷ ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ሉዋ እንዲያ ያደርጋል፤ ዳታ የሚጨምቀው ላይብረሪ ዚሊብም መያዣና መልቀቂያ ፋንክሽኖችን ከጠሪው ይቀበላል። እነሱ ግን ብዙ ሜሞሪ ይዘው የሚቆዩ ናቸው። የኔ ፋንክሽን ጽፎ ይወጣል፣ ምንም አይዝም። ለሷ ስል በማሎክ የሚይዝ አጭር ረዳት ፋንክሽን በተለየ ፋይል ጨመርኩላት። የዳንግላው ልጅ ያንን ፋይል ኮምፓይል አያደርገውም፣ በቃ።

የስህተት ምልክቱን አሁን ወሰንኩ፦ የማይጻፍ ቁጥር ሲመጣ 0 ይመለሳል። ግዕዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ትክክለኛ መልስ ደግሞ ቢያንስ 3 ባይት ስለሆነ አያምታታም።