ሰዎቹ ምርቃት ናቸው

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ የወጣሁት ሽንኩርት ልገዛ ነበር። ሽንኩርቱን ረስቼው ተመለስኩ። ቆራሌዎች የሰበሰቡትን ዕቃ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ የማይሠራ ሬዲዮ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ እጀታ የሌለው ድስት። ከሥር አንድ የእንጨት ክፈፍ አየሁ። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ውስጡ ሁለት ሴቶች ቆመዋል።

«ፎቶው ስንት ነው?»

«የቱ ፎቶ?» አለኝ። «እኔ የምሸጠው ክፈፍ ነው እህቴ። ሰዎቹ ምርቃት ናቸው።»

በ150 ብር ተስማማን።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ እሰበስባለሁ። ቤት ሲፈርስ ወይ ሲለቀቅ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ወጥተው ባለቤት ያጡትን። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልቷል። እናቴ «የማታውቂያቸው ሰዎች ምን ያደርጉልሻል?» ትለኛለች። የምወዳቸው ስለማላውቃቸው ነው መሰለኝ። የቤታችንን አልበም ስገልጥ «ይቺ የአክስቴ ልጅ ናት» ብዬ አልፋለሁ፤ ፎቶውን አላየውም። የማላውቀው ሰው ሲሆን ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ይለቅማል፤ ሰዓቱ እንዲታይ የተሰበሰበውን እጅጌ፣ ትከሻ ላይ ልረፍ አልረፍ እያለ የቀረውን እጅ፣ ሰፍቶ ከእግር ሊወልቅ የደረሰውን የውሰት የሚመስል ጫማ።

በነገራችን ላይ ይሄ አባዜ የጀመረኝ በኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። አሮጌ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦና ቁልፍ ገጣጥሞ ግድግዳ የሚያክል ሥዕል ይሠራል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል፤ ሲጠጉ የኪቦርድ ፊደል ነው። ከዚያ ወዲህ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ በመስኮት ሳላይ አላልፍም።

ወደ ሁለቱ ሴቶች ልመለስ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተቆረጠ። አንዷ አፍሮ አበጥራለች፣ ሌላዋ ነጠላ ለብሳለች። አንድ የፕላስቲክ አበባ ለሁለት ይዘዋል። ከኋላቸው የፎቶ ቤቱ መጋረጃ አለ፤ መጋረጃው ላይ የተሳለው ጢስ ዓባይ ነው! እውነተኛው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ። ሰዓሊው ግን እዚያ ድረስ የሄደ አይመስለኝም። የድሮው ባለ አንድ ብር ኖት ትዝ ይላችኋል? ፊቱ ላይ ልጅ፣ ጀርባው ላይ ወፎችና ጢስ ዓባይ ያለበት? ከኪሱ ብር አውጥቶ እያየ ነው የሳለው ብዬ ጠርጥሬያለሁ፤ ምክንያቱም በመጋረጃው ጥግ፣ ከአፍሮዋ በላይ፣ አንድ ወፍ አለች። ለምን ብሎ ነው ታዲያ ወፍ የጨመረው?

ካርቶኔ ውስጥ ደግሞ በጎኑ ዞሮ የተነሳ ባለ ኮት አለ፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። አንዲት ጓደኛዬ አይታው «ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ። ጣና ዳር ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጎቹ በሁለት ዓይን ያዩናል፣ ክፉዎቹና ሰይጣኑ በጎን ተስለው ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ምስኪኑ ሰውዬ እንደ ፊልም አክተር ልታይ ብሎ ነበር።

ማታ ክፈፉን በቢላ ፈታሁት። ከፎቶው ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ሰው ስም ግን የክፈፉ ጀርባ ካርቶን ላይ ተጣብቆ ተቀደደ። በእንፋሎት ላላቅቀው ሞከርኩ፤ ጭራሽ ቀለሙ ፈሰሰ። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ፊታቸውን እዚህ አልለጠፍኩም፤ የለጠፍኩት ፏፏቴውንና ወፏን ብቻ ነው። መጋረጃውን የሚያውቅ፣ ወይ እናቱ እዚያ ፊት ቆማ የተነሳች ካለ ይጻፍልኝ። ሴቶቹን እመልሳለሁ። ክፈፉን ግን ከፍዬበታለሁ።