ስድስት ኪሎ፣ የምረቃ ቀን

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ካሜራዬን ይዤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበርኩ። እግሬ ዝሏል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ተመራቂው ሁሉ ፎቶ ለመነሳት የሚፈልገው ያንን የድንጋይ ደረጃ ነው። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለውን፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሠርቶት ጫፉ ላይ አንበሳ የተቀመጠበትን። ግቢው ድሮ ቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው። ይህን ለተመራቂዎቹ ስነግራቸው ደስ ይለኛል።

የቀትር ፀሐይ ለኛ ሥራ ከባድ ናት። ጥቁር ጋውንና ነጭ ነጠላ ጎን ለጎን ሲቆሙ ካሜራው ግራ ይጋባል። ለነጠላው ሳስተካክል ፊት ይጨልማል። ስለዚህ ሰዎቹን ወደ ዛፍ ጥላ እወስዳለሁ።

እዚያ ጥላ ሥር ነው አንድ ልጅ ጋውኑን አውልቆ ለእናቱ ያለበሳቸው። ከገጠር የመጡ ናቸው። "እማማ፣ ወደ እኔ ይመልከቱ" አልኳቸው። "ቆይ ልጄ" አሉና የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። አንዲት ያረጀች ጉርድ ፎቶ አወጡ። የሟች ባለቤታቸው ናት። ደረታቸው ላይ ያዟት።

"እሱም ይታያል?" አሉኝ።

የእሳቸው ፊትም ጉርዷም ጥርት ብለው እስኪወጡ ደጋግሜ አነሳሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይቼ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ፎቶዋን ነገ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አሳትማታለሁ። ሐሙስ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት እጃቸው መግባት አለባት።