ተሰናብታኝ ነው የሄደችው

ያን ቀን ጂማ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መብራት ሄዷል። የላፕቶፔ ባትሪ እንዳያልቅ ብዬ ሥራዬን አቆምኩና በዋዜማው ያተምኩትን ግራፍ ይዤ የካንሰር ክፍሉ ነርሶች ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። ጥቂት የካርድ ቁጥሮች ማጣራት ነበረብኝ። እኔ ካርድ ሳገላብጥ፣ ለጡረታ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ግራፉን ማየት ጀመሩ።

«ይቺ መስመር ምንድን ናት?»

«ታካሚዎቹ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውን የምታሳይ ናት፣ ሲስተር። ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ደረጃ ትወርዳለች።»

«እነዚህ መስመሯ ላይ ያሉት ትናንሽ ጭረቶችስ?»

«የጠፉ ናቸው። ክትትል ያቋረጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አናውቅም።»

«እነሱ ጋ ስትደርስ ለምን አትወርድም?»

«መሞታቸውን ስላላየን።»

ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ስድስተኛው ወር አካባቢ ባለች አንዲት ጭረት ላይ አሳረፉ። «ይቺ ማናት?»

ከዝርዝሩ ፈልጌ የካርድ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ቁጥሩ ምንም አላስታወሳቸውም። ካርዱን ራሳቸው አውጥተው ገለጡት።

«ውይ፣ የአጋሮዋ ናት እኮ! የጡት። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት ኬሞዋን ወስዳ ስትጨርስ እዚህ ጋ መጥታ ቆመች። ‹ሲስተር፣ ላሟንም ሸጠን ጨረስን። ከእንግዲህ አልመጣም። አላህ ይስጥልኝ› አለችኝ። አቅፋኝ ሄደች።» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ አልጠፋችም። ተሰናብታኝ ነው የሄደችው።»

ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሥራው አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ክሊኒካዊ ሙከራ አልነበረም። ቀደም ሲል የታከሙ ሰዎችን ካርድ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነበር። እኔ የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያው ነኝ፤ የሕክምና ጥናት ቁጥሮችን የምተነትነው። የሞተውን አንድ፣ ያልሞተውን ዜሮ ብለን መዝግበናል። የጠፋውም ዜሮ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን ብቻ አብሮ ይገባል። ሙያው ይህን «ሴንሰርድ» ይለዋል። እኔ ከኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ለአጋሮዋ ሴት የሰጠኋት ነገር ዜሮ ነበር።

ዘዴው ራሱ ጥፋት የለበትም። ካፕላን እና ማየር የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በእ.ኤ.አ. 1958 ያሳተሙት ነው፤ በብዙ የካንሰር ጥናቶች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ አብረው አልሠሩም። ማየር ስለ ካንሰር ታካሚዎች ዕድሜ ሲያስብ፣ ካፕላን ደግሞ ውቅያኖስ ውስጥ በተዘረጋ የስልክ ኬብል ላይ የሚገጠሙ፣ ድምፁን የሚያጎሉ የቫኪዩም ቱቦዎች ስንት ጊዜ እንደሚያገለግሉ ያሰላ ነበር። ሒሳቡ አንድ ሆኖ ተገኘና አንድ ጽሑፍ ሆነ። ግን ሒሳቡ የቆመበት አንድ መሠረት አለ። ከክትትል የወጣው ሰው ዕጣ ከቀረው ሰው ዕጣ የተለየ አይደለም ብሎ ይነሳል። ቱቦ ደግሞ ገንዘብ አልቆበት አይሄድም። ሕመም ጸንቶበት ቤቴ ልሙት አይልም። ሰው ይላል።

በትንሽ ቁጥር ላሳያችሁ። አሥር ታካሚዎች አሉ እንበል። በሦስተኛው ወር ሁለቱ ሞቱ። መስመሯ ወደ 80 በመቶ ወረደች። በአራተኛው ወር አራቱ ጠፉ፤ መስመሯ አልተነቃነቀችም። አሁን የምናያቸው አራት ብቻ ናቸው። በስምንተኛው ወር ከእነዚህ አንዱ ሞተ። ከአራት ሦስት ተረፈ ማለት ነው፤ 80 በመቶው በሦስት አራተኛ ሲባዛ 60 በመቶ ይሆናል። አሁን እነዚያ አራቱ የጠፉት በወሩ ሞተው ከሆነስ? ከአሥሩ የቀሩት ሦስት ናቸው። 30 በመቶ። የልዩነቱ ምንጭ መድኃኒቱ አይደለም። እኛ ያላየናቸው ሰዎች ናቸው።

ይህን አሥር ሰው በወረቀት ጽፌ ወደ ጥናቱ መሪ ሄድኩ። እኩያዬ ነው፤ ጥሩ ሐኪም ነው፤ ታካሚዎቹ ይወዱታል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ለጉባኤ የሚላከው የጥናቱ አጭር መግለጫ ግን ዓርብ መድረስ ነበረበት። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

«እንደውልላቸው» አልኩት። «ስልካቸው ካርዱ ላይ አለ።»

«ሴንሰር ማድረግ የተለመደ ነው። ሁሉም የሚሠራው እንደዚህ ነው።»

«የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ግን የሚጠፉት እየከፋባቸው ያሉት ናቸው። ሲስተር በስም ያውቋቸዋል።»

«ሲስተር የሚያስታውሱት ዳታ አይደለም።» ወረቀቴን መለሰልኝ። «አንተ ስታቲስቲክሱን ሥራ፤ ክሊኒካሉን ለእኛ ተወው።»

መልስ አልሰጠሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። የጠፉ ሰዎችን ዜሮ ብሎ መቁጠር ስታቲስቲክስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሥራዬ እኮ ይኼው ነበር። ይህን ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ያኔ ደግሞ ግራፉ ተልኳል። የላክሁትም እኔ ነኝ። ከሥሩ ስንት ሰው እንደጠፋና ውጤቱ ከእውነታው አምሮ ሊታይ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬበት ነበር። ቃል በዛ ተብሎ ያቺ ዓረፍተ ነገር ወጣች።

ሲስተር ግን አልተዉኝም። በየሁለት ቀኑ «ደወላችሁ?» ይሉኝ ነበር። መደወል ፕሮቶኮላችን፣ ማለትም የጸደቀው የጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ስላልነበረ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሻሻያ ጻፍኩ። መሪው ፈረመልኝ፤ ይህንንም ልደብቅበት አልፈልግም። ፈቃድ ሲመጣ ሲስተር እና አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ አንድ ወጣት ነርስ መደወል ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ጥሪ እስካሁን ያሳፍረኛል። ያዘጋጀሁት መጠይቅ የታካሚዋን ስም ጠርቶ «አሁን ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ ይጀምር ነበር። ስልኩን ያነሳው ልጅ ነው። ስሟን ሲሰማ ትንሽ ቆየና «ሃቲ ኮ ዱቴ» አለ። እናቴ ሞተች ማለቱ ነው። ነርሱ ስልኩን እንደያዘ እኔን አየኝ። መጠይቄ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረም። ሲስተር ስልኩን ተቀበሉትና ነፍስ ይማር አሉ፣ ስለ ታናናሾቹ ጠየቁ፣ ማን እንደሚያሳድጋቸው ጠየቁ። የሞተችበትን ወር የነገረን ልጁ ራሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው። በማግስቱ መጠይቁን ቀየርኩት። መጀመሪያ የቤተሰቡ ሰላምታ፣ ከዚያ እኛ ከየት እንደደወልን፣ ከዚያ ዝምታ።

ካገኘናቸው ውስጥ የሚበዙት ሞተው ነበር። ብዙዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ በታዩ በጥቂት ወራት ውስጥ። ይህን ጠብቄዋለሁ። ያልጠበቅሁትም ነበር። አንዲት ሴት ስልኳን ራሷ አንስታ «ቀጠሮ ወጣልኝ እንዴ?» አለች። ኬሞ በየ21 ቀኑ ነው፤ የእሷ ቀን ኅዳር ላይ ውሎ ነበር። ቡና ለቀማ። በእኛ አገር ኅዳርን ቤት የሚውል ሰው የለም። ቡናው ሲያልቅ ያለፈ ቀጠሮ ይዛ ብመጣ ይቆጡኛል ብላ ፈርታ ቀረች። ሌላው ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ዘመድ ጋ ተቀምጧል። 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማን በየጊዜው ይመላለሳል? በሕይወት አለ። እኛ ጋ ግን ጠፍቷል። እኔ ከሲስተር ንግግር በኋላ የጠፋውን ሁሉ በልቤ ቀብሬው ነበር። ሁሉንም እንደ ሞተ ቁጠር ብባል ያኔ እሺ የምል ይመስለኛል። ያም ስህተት ይሆን ነበር።

አዲሷ መስመር ከመጀመሪያዋ ዝቅ ብላ ወጣች። በጉባኤው ላይ የታየችው ግን የመጀመሪያዋ ናት። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አየኋት። ተጨበጨበ። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን የወጡት ከብዙ ክርክር በኋላ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ካንሰር ሙከራዎች ገባሁ። እዚያ ነገሩ ይብሳል። ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው መድኃኒት ትውከቱ ከባድ ከሆነ የደከሙት ከዚያ ወገን ይወጣሉ። የወጡትን ከቆጠራ ብታስወጣ የሚቀሩልህ ጠንካሮቹ ናቸው፤ መድኃኒቱም ጎበዝ ይመስላል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ዕጣው በወጣበት ወገን ይቆጠር የሚባለው፤ በእ.ኤ.አ. 1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የሙከራ ስታቲስቲክስ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ደንቡ ስሙን ከዝርዝሩ እንዳይፋቅ ያደርጋል። ሰውየው የት እንደደረሰ ግን አይነግርህም። ያንን የሚነግርህ የደወለ ሰው ነው። ስለዚህ በምሠራበት ፕሮቶኮል ሁሉ «ጠፋ» የሚለውን አንዱን ኮድ አላስገባም። ለምን ቀረ? ማን ነገረን? መቼ? ለእነዚህ ቦታ ይኑር እላለሁ። የስልክ ካርድ ገንዘብም በጀት ውስጥ ይግባ እላለሁ። በዚህ ብዙ ሰው አሰልችቻለሁ፤ አልተውም።

የአጋሮዋን ሴት አላገኘናትም። ካርዷ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። አጋሮ ከጂማ ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የቀበሌዋ ስም ግን በደንብ አልተጻፈም፤ ሁለት ጊዜ ሰው ልከን ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። በሁለቱም መስመሮች ላይ ስድስተኛው ወር ጋ ያለችው ጭረት እሷ ናት። ሲስተር ጡረታ ወጥተዋል። አንዳንዴ መርካቶ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ሰላምታ ጨርሰን ልንለያይ ስንል ዘንቢላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው ያዛውሩና ይጠይቁኛል።

«የአጋሮዋስ?»

«እስካሁን የለም፣ ሲስተር።»