በሐይቅ ላይ በጀልባ እየጎተቱ ዓሣ ማጥመድ፦ የጥልቀት፣ የፍጥነትና የመሣሪያ ማስታወሻ

ይህን ማስታወሻ ያዘጋጀሁት በትሮሊንግ፣ ማለትም ጀልባ በዝግታ እየተጓዘ ማማለያን (መንጠቆ ያለውን፣ ዓሣ የሚስብ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ከኋላው እየጎተቱ በማጥመድ ዘዴ፣ ጨዋማ ባልሆኑ ሐይቆች ላይ እስካሁን የደረስኩበትን፣ ዘዴውን በመለማመድ ላይ ላሉ ወዳጆች ለማካፈል ነው። ስለዚህ ዘዴ ጨዋታ ሲነሣ በብዛት የሚጠየቀው የማማለያው ቀለም ነው፤ ከያዝኩት መዝገብ የተረዳሁት ግን ውጤቱን የሚወስኑት በቅድሚያ ጥልቀት፣ ቀጥሎም ፍጥነት እንደሆኑ፣ ቀለም የሚታሰበውም እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ እንደሆነ ነው። አጥማጁ ማማለያውን ከውኃው በታች ሊያየው ስለማይችል፣ ዘንጉ፣ ክሩ፣ ክብደቱና ሶናሩ (የድምፅ ሞገድ እየላከ ጥልቀትንና ዓሣን በመስኮቱ ላይ የሚያሳየው መሣሪያ) ሁሉ የሚያገለግሉት ማማለያው በዚያች ቅጽበት የት እንዳለና እንዴት እየተጓዘ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ጥልቀትን ለመምረጥ መነሻ የሚሆነው የውኃው ሙቀት ነው። ውኃ ከሁሉም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ የወቅቶች ልዩነት ጎልቶ በሚታይባቸው አገሮች ያሉ ጥልቅ ሐይቆች በሞቃቱ ወራት በሦስት ንብርብር ይከፈላሉ፤ ከላይ ሞቃቱና ቀላሉ፣ ከታች ቀዝቃዛውና ከባዱ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሙቀቱ በጥቂት ሜትር ውስጥ በፍጥነት የሚወርድበት ቴርሞክላይን የሚባለው ንብርብር ይገኛል። ቀስተ ደመና ትራውት ከ12 እስከ 16 ዲግሪ የሚደርሰውን ውኃ ሲመርጥ፣ የሐይቅ ትራውት ደግሞ ከዚያ የቀዘቀዘውን፣ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋውን ይፈልጋል። በሙቀት መለኪያ ላይ ክብደት አስሮ ማውረድ ወይም የሶናሩን የማንበብ ኃይል ከፍ አድርጎ በመካከለኛ ጥልቀት ላይ የምትታየውን ደብዛዛ መስመር መፈለግ ንብርብሩን ለማግኘት በቂ ነው። አልጌ በሚበዛባቸው ሐይቆች የታችኛው ንብርብር ኦክስጅን እያለቀበት ስለሚሄድ፣ ከቴርሞክላይኑ በታች ማማለያ መጎተት ብዙውን ጊዜ ጊዜ ማባከን ነው። በሞቃት አገር ሐይቆች ላይ ግን በላይኛውና በታችኛው ውኃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ፣ እንደ ናይል ፐርች ያለውን ከፍተኛ ኦክስጅን የሚሻ አዳኝ ዓሣ ስፈልግ ከሙቀት መለኪያው ይልቅ የድንጋያማ ገደሎችን ጠርዝና የትናንሽ ዓሦችን መንጋ መከተል ይሻለኛል።

ጥልቀቱ ከታወቀ በኋላ የማልለውጠው አንድ ደንብ አለኝ፤ ማማለያውን ሶናሩ ዓሣ ካሳየበት ጥልቀት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ከፍ አድርጌ አስኬዳለሁ። አዳኝ ዓሣ ወደ ላይ ተነሥቶ መንከሱን ያዘወትራል፤ ከበታቹ የሚያልፈውን ማማለያ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካው ያልፈዋል። ሶናሩ ራሱም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የ20 ዲግሪ ስፋት ያለው የድምፅ ጨረር በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሸፍነው ከዳር እስከ ዳር 3.5 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ብቻ ስለሆነ፣ በመስኮቱ ላይ ዓሣ አለመታየቱ በአካባቢው ዓሣ የለም ማለት አይደለም።

ማማለያን ወደሚፈለገው ጥልቀት ለማውረድ ከሞከርኳቸው መንገዶች ቀላሉ፣ ከአፉ ፊት ጠፍጣፋ ምላስ የተተከለለትን ዓሣ መሳይ ማማለያ መጠቀም ነው። ምላሱ በሰፋና ወደ ፊት በተዘረጋ መጠን ማማለያው ጠልቆ ይሄዳል፤ ምላሱ ካጠረና ወደ ታች ቀጥ ካለ ግን ከውኃው ገጽ ብዙም አይርቅም። ብዙዎች ቸል የሚሉት የክሩን ውፍረት ነው። ቀጭን ክር ውኃውን በቀላሉ ስለሚቆርጥ፣ ያው ማማለያ በዚያው ርቀት ላይ በተጎነጎነ ቀጭን ክር ሲጎተት በወፍራም ናይለን ክር ከሚጎተተው ይበልጥ ይጠልቃል። ክር በተለቀቀ ቁጥር ጥልቀት ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ጭማሪው እያነሰ ይሄድና ከተወሰነ ርቀት በኋላ ውኃው በክሩ ላይ የሚፈጥረው መጎተት ማማለያውን ወደ ላይ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ የተለቀቀውን ክር ርዝመት ቆጥሮ የሚያሳይ ማጠንጠኛ ለዚህ ዘዴ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው ይመስለኛል። እርሱ ከሌለ ክሩን በየ10 ሜትሩ በማይለቅ ቀለም ምልክት ማድረግ ይቻላል።

መካከለኛ ጥልቀት ለመድረስ የምመርጠው ውስጡ እርሳስ (ከባዱ ብረት) የሆነ ክር ነው። ይህ ክር በየ9 ሜትሩ ቀለሙ ስለሚለዋወጥ አጥማጆች ርዝመቱን የሚቆጥሩት በቀለም ነው፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት እያንዳንዱ ቀለም ማማለያውን በግምት 1.5 ሜትር ያወርደዋል። ጀልባው ሲፈጥን ክሩ ከፍ ይላል፣ ሲዘገይ ይሰምጣል፤ ይህ ባሕርዩ ለሚቆጣጠረው ሰው ጥቅም፣ ለሚዘነጋው ሰው ደግሞ የጠፋ ማማለያ ነው። ከዚያ ለሚጠልቀው ውኃ ዳውንሪገር ያስፈልጋል። መሣሪያው ከ3.5 እስከ 5.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ በሽቦ ገመድ ያወርዳል፤ የማጥመጃው ክር ከኳሱ አጠገብ በመቆንጠጫ ይያዝና ዓሣው ሲነክስ ተላቆ፣ አጥማጁ ክብደት ከሌለበት ክር ጋር ብቻ ይታገላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኮሆ ሳልሞን በአሜሪካ በሚገኘው በሚሺጋን ሐይቅ ከተለቀቀ በኋላ መሣሪያው በዚያ ሐይቅ አጥማጆች ዘንድ በስፋት ሊለመድ የቻለው፣ ሳልሞን ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ ነው። የገመዱ ቆጣሪ የሚያሳየው የተለቀቀውን ገመድ እንጂ እውነተኛውን ጥልቀት እንዳልሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ኳሱ በውኃው ተገፍቶ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ በተለይም ፍጥነት ሲጨምር፣ ቁጥሩ ከእውነታው ይበልጣል።

ወደ ፍጥነት ስንመጣ፣ ለመነሻ የምይዛቸው ቁጥሮች ዋላይ ለሚባለው አዳኝ ዓሣ በሰዓት ከ1.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ለትራውት ከ2.5 እስከ 4፣ ለሳልሞን ከ3 እስከ 5 ሲሆኑ፣ ፓይክ ለሚባለው አዳኝ ዓሣ ደግሞ ከዚህ ከፍ ማለት ይቻላል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚጠቅሙት የየትኛው ፍጥነት እንደሆኑ ሲታወቅ ነው። ጂፒኤስ የሚለካው ጀልባው ከምድር አንጻር የሚጓዝበትን ፍጥነት ነው፤ ማማለያው የሚሰማው ግን በዙሪያው ካለው ውኃ አንጻር ያለውን ፍጥነት ብቻ ነው። ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ አንድ ዳርቻ ሲገፋ፣ ከታች ያለው ውኃ በተቃራኒው አቅጣጫ ሊመለስ ስለሚችል፣ በአንድ አቅጣጫ ሲጎተት ደጋግሞ የተነከሰ ማማለያ፣ ጂፒኤሱ ያንኑ ቁጥር እያሳየ፣ በመልሱ ጉዞ ምንም ሳይነካ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ማማለያ ከመቀየሬ በፊት በመልሱ ጉዞ ፍጥነቱን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርጌ እመለከታለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ የማምነው ዓይኔን ነው። ማንኛውንም ማማለያ ከመልቀቄ በፊት ሁለት ሜትር በሚሆን ክር ከጀልባው ጎን አስኬደዋለሁ። ማንኪያ መሳይ የሆነው ስስ ብረት ግራና ቀኝ እየተገለባበጠ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት፤ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ፍጥነቱ አንሶታል፣ በራሱ ዙሪያ ያለማቋረጥ ከተሽከረከረም በዝቶበታል። ምላስ ያለው ማማለያ ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየሳበ የሚሄድ ከሆነ ክሩ የሚታሰርበትን ቀለበት እንዲሄድ ወደምንፈልገው አቅጣጫ በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ማጠፍ ይበቃዋል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል።

በዚህ ዘዴ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን መታጠፍ ነው። ጀልባው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ በክብ እየዞረ በሚጨፍር ሰልፍ ውስጥ ዳር ያለው ሰው ፈጥኖ መራመድ እንደሚኖርበት ሁሉ፣ በቀኝ በኩል ያለው ማማለያ ይፈጥናል፤ በግራ ያለው ደግሞ ይዘገያል። ማንኪያ መሳዩም ሆነ እርሳስ ያዘለው ክር ሲዘገይ ይሰምጣል፣ ሲፈጥን ይነሣል። ስለዚህ በአንድ መታጠፍ ሁለት ፍጥነትና ሁለት ጥልቀት በአንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል። ዓሣው ከውስጥ በኩል ያለውን ከነከሰ ቀጥታው ጉዞ ፈጥኗል ወይም ማማለያው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ከውጭ በኩል ያለውን ከነከሰ ደግሞ ተቃራኒውን ያመለክታል። ከዚህ የተነሣ ቀጥ ባለ መስመር ረጅም ጉዞ ማድረግ ትቼ፣ ሰፊ የእባብ ጉዞ የሚመስል መስመር እይዛለሁ። መታጠፉ ጠባብ ከሆነ ክሮች ስለሚጠላለፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላም ጥቅም አለው። 40 ሜትር ወደ ኋላ ያለ ማማለያ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሜትር፣ ሲጎተት ጀልባው ካለፈበት ቦታ የሚደርሰው ከ40 ሰከንድ በኋላ ነው፤ በቀጥታው ጉዞ በሞተሩ ድምፅ የሸሸ ዓሣ ካለ ማማለያው የሚያልፈው በባዶ ቦታ ላይ ሲሆን፣ በመታጠፊያው ላይ ግን ጀልባው ጨርሶ ያልነካውን ውኃ አቋርጦ ይሄዳል።

ፕላነር ቦርድ የሚባሉት ክሩን ወደ ጎን ስበው የሚያርቁት ተንሳፋፊ ሰሌዳዎችም የሚያገለግሉት ለዚሁ ዓላማ ነው፤ ጥልቀት በሌለውና በጠራ ውኃ ላይ እጅግ ይረዳሉ። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የዘንግ ብዛት ከሐይቅ ሐይቅ ስለሚለያይ ሕጉን አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

ዘንጉ ከ2.1 እስከ 2.6 ሜትር የሚረዝምና ከመሐሉ ጀምሮ የሚለመጥ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ደረቅ ዘንግ ከማይለጠጠው የተጎነጎነ ክር ጋር ሲጣመር መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ቀድዶ ያወጣዋል። በዚህም ምክንያት የማጠንጠኛውን ፍሬን ላላ አድርጌ እተወዋለሁ። ለማንኪያ መሳዩ ክሩ እንዳይከረር በማያያዣው ላይ ስዊቭል፣ ማለትም በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ትንሽ የብረት መገጣጠሚያ፣ መጨመር ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዘንጉን ጫፍ መመልከት ነው። ደህና የሚሄድ ማማለያ ጫፉን በእኩል ምት ያንቀጠቅጠዋል፤ ምቱ ከደበዘዘ ወይም ከቆመ መንጠቆው ላይ ቅጠል ወይም ሣር ተይዟል፣ አንዳንዴም ክሩን ሊጎትት የማይችል በጣም ትንሽ ዓሣ ተሰክቷል። ሁለቱም ማማለያውን ከሥራ ውጪ ስለሚያደርጉት ሳይዘገዩ ስቦ ማየት ይገባል። ዓሣ ሲነክስ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም፤ የጀልባው ጉዞ ራሱ መንጠቆውን ይተክለዋል። ሌሎች ክሮች ውኃ ውስጥ ካሉ ሞተሩን ጨርሶ ማጥፋትም አይመከርም፤ ማማለያዎቹ ሰምጠው ወለሉን ይይዛሉ ወይም እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

ዓሣ በተያዘ ቁጥር ሳልውል ሳላድር የምጽፋቸው የተለቀቀው የክር ርዝመት፣ የጂፒኤስ ፍጥነት፣ የጉዞው አቅጣጫ ከነፋሱ አንጻር፣ የውኃው ጥልቀት፣ እንዲሁም ጀልባው ቀጥ ብሎ ወይም እየታጠፈ እንደነበር ነው። የማማለያው ቀለም በመጨረሻው ዓምድ ይሰፍራል። አሁን የጀመርኩት ሙከራ ሁለት አንድ ዓይነት ማማለያዎችን፣ አንዱን በቀጭን የተጎነጎነ ክር፣ ሌላውን በናይለን ክር፣ በእኩል ርቀት እየጎተቱ ወለሉ ቀስ በቀስ ከፍ ወደሚልበት አሸዋማ ስፍራ መቅረብ ነው። እያንዳንዱ ወለሉን ሲነካ የዘንጉ ጫፍ ስለሚያሳውቅና የውኃው ጥልቀት በሶናሩ ላይ ስለሚነበብ፣ በአምራቹ ሠንጠረዥ ሳልተማመን የራሴን የጥልቀት ሠንጠረዥ ለየክሩ ለብቻው እያዘጋጀሁ ነው።