ቸኩዬ ነው

ዛሬ ማጥናት አላሰኘኝም። ሰዓት ቆጣሪውን ግን እንደ ወጉ 47 ደቂቃ ላይ ሞላሁት፤ የጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ፈተና) ሁለቱ የሒሳብ ክፍሎች ተደምረው የሚፈጁት ጊዜ ነው። ከዚያ 27ቱን ጥያቄዎች ትቼ የስህተት ደብተሬን ገለጥኩ። የምናደድበት ነገር ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ፈተናውን አንዴ ወስጄዋለሁ፤ ውጤቴ ሒሳብ 151። ለእማ በስልክ ስነግራት «ከስንት?» አለችኝ። «ከ170» ስላት እልል ልትል ትንሽ ነው የቀራት። ቆጠራው ከዜሮ ሳይሆን ከ130 እንደሚጀምር፣ ሁሉንም የሳተ ሰው እንኳ 130 ይዞ እንደሚወጣ አልነገርኳትም። ከወለሉ የራቅኩት 21 ነጥብ ነው። ፈተናውን ለመድገም የሚጠበቀውም 21 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል ጊዜም 21 ደቂቃ። ይሄ ቁጥር ከእኔ ምን እንደሚፈልግ እንጃ።

ደግሞ የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ሁለተኛው ክፍል ቀለል ብሎ ሲመጣልኝ «ተመስገን» ብያለሁ። በእውነት ብያለሁ።

ወደ ደብተሩ። የተፈተንነውን ጥያቄ መልሰው ስለማይሰጡን በነፃ የሚገኘውን የሙከራ ፈተና ሠርቼ የሳትኩትን መዘገብኩ፦ ጥያቄው፣ የእኔ መልስ፣ የተሳሳትኩበት ምክንያት። ከ11 ስህተቶች በ8ቱ ምክንያቱ «ቸኩዬ ነው» ይላል። ወደ ታች ሲወርድ መጻፉም ሰልችቶኝ «ቸ» ብቻ ሆኗል።

አንዱን «ቸ» እንደገና ሠራሁት። ኤክስ ስኩዌር እና ኤክስ፣ የትኛው ይበልጣል? ሰዓት የለ፣ ፈታኝ የለ፤ ተረጋግቼ አሰብኩና ኤክስ ስኩዌር አልኩ። ያው ስህተት! ኤክስ ሙሉ ቁጥር ነው ያለኝ ሰው የለም። ግማሽ ቢሆን ስኩዌሩ ሩብ ነው፣ ያንሳል። ዜሮ ወይም አንድ ቢሆን እኩል ናቸው። መልሱ «መወሰን አይቻልም» ነበር። እኔ ግን ፊደል ባየሁ ቁጥር በሐሳቤ የሚመጣው 2፣ 3፣ 5 ነው። ዜሮ አይመጣም፣ ክፍልፋይ አይመጣም፣ ኔጌቲቭማ ጭራሽ።

ታዲያ ችኮላው የቱ ጋ ነው?

ሳስበው «ቸኩዬ ነው» ደግ ቃል ነው። «አላውቅም» ያሳፍራል፤ «ቸኩዬ ነው» ግን ዕውቀቱ ሞልቷል፣ ጊዜው ነው ያነሰው እንደ ማለት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ቢያንስ የሚፈስ ነገር ነበራት። የቀድሞ ሥራዬን ስለቅም ለሁሉም ያልኩት «ቸኩዬ ነው የገባሁበት» ነው። ከዚያ ሰው ጋር የተለያየን ዕለትም «ቸኩለን ነበር» ተባብለን ነው በሰላም የተሸኛኘነው። አራት ዓመት አብረን ቆይተን! ማን እንዳጣደፈን አልተጠያየቅንም። እዚያም ቤት 2፣ 3፣ 5 እያስገባሁ ነበር ስደምር የከረምኩት፤ ዜሮን አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም። (ይህን የሚያነብ ከሆነ፦ ዜሮ ነህ ማለቴ አይደለም። መወሰን አይቻልም ማለቴ ነው።)

እና «ቸ»ዎቹን ሰርዤ ትክክለኛውን ምክንያት ልጽፍ ተነሳሁ። አንዱ ላይ «ዜሮን ረሳሁ»። ሁለቱ ላይ «የፐርሰንት ለውጥ ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ እንደሚሰላ አላውቅም»፤ ይሄን መጻፍ እንዴት እንደሚያምም። አምስቱ ላይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ቀረሁ።

ሰዓት ቆጣሪው እየጮኸ ነው። 27ቱ ጥያቄዎች እንዳሉ አሉ። የዛሬውንም ደብተሩ ላይ ማስፈር አለብኝ፤ ምክንያቱን ምን ልበል? መቼም ቸኩዬ ነው አልል።